ቅቤ የጠጣ ፍሪሲዮን

ያቺን ሞተር ሳይክል ባስታወስኩ ቁጥር አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው የቤንዚን ሳይሆን የተነጠረ ቅቤ ሽታ ነው። ይህን ስናገር ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ ሞተር የሚያውቁት ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ሲብረቀረቅ ነው። እኔ የማውቀው ሞተር ከጣሊያን ተደብቆ እንሰት ውስጥ የከረመ፣ ሲነሣም እናቴን ከእናቷ ጋር ሊያገናኝ የተነሣ ሞተር ነው።

ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነበር። ወልቂጤ ያኔ ከተማ ለመባል ገና አልበቃችም። ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ ካሚዮኖቹ የሚያርፉባት፣ ነጂዎቹ የሚያድሩባት፣ ዳርና ዳሯ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች የቆሙባት ጭቃማ ቦታ ነበረች። እኔ ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ፣ አንድ አርመን ጋራዥ ውስጥ ሥራ የለመድኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ከተማው ሲያዝ ጋራዡ ተዘጋ፣ አርመኑም የገባበት ጠፋ፤ እኔም ጥቂት መፍቻና አንድ ጉጠት በጨርቅ ቋጥሬ እናቴ ዘንድ ተመለስኩ። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ በቤቱ ውስጥ የነበርነው እኔና እናቴ ብቻ ነን።

እናቴ የእዣ ልጅ ናት። የተወለደችው ከአገና እልፍ ብሎ ባለ መንደር ሲሆን ወደ ወልቂጤ ያመጣት ጋብቻ ነው። በየዓመቱ ለመስቀል ወደ እናቷ ቤት ትወጣ ነበር። ጉራጌ ደግሞ ለመስቀል አገሩ ሳይገባ የሚቀረው ወይ ሲሞት ወይ ሲታሰር ነው። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን አልሄደችም። መንገዱን አንድ ቀን አርበኞች ይዘጉታል፣ ሌላ ቀን ጣሊያን ይዘጋዋል። በዚያ ላይ ጉልበቷን ታማ ዳገት መውጣት አቃታት፤ በቅሏችንንም ጣሊያኖች ለጭነት ብለው ወስደዋት በዚያው ቀረች።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአገና ቆጮ ልትሸጥ የመጣች ሴት መልእክት አደረሰች። አያቴ ዐይኗ ጠፍቷል፣ እህልም እምብዛም አትቀምስም። “ፈጣሪዬ፣ ይህን መስቀል ልጄን በእጄ ሳልዳስስ አትውሰደኝ” እያለች ነው አለች። እናቴ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። የያዘችውን ሰፌድ መሬት አስቀመጠችና “ተንፏቅቄም ቢሆን እሄዳለሁ” አለች። ነገረ ሥራዋን ስለማውቅ፣ እውነትም ተንፏቅቃ ልትሄድ እንደምትችል አልተጠራጠርኩም።

ያኔ ነው ሞተሯ ትዝ ያለችኝ። የጎረቤታችን ንብረት ነበረች። ጎረቤታችን የቡታጅራ ሰው፣ የመስቃን ሙስሊም ነጋዴ ሲሆን ወልቂጤ ሱቅ ከፍቶ ጨውና አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፣ እናቴ ወንድሜ ትለዋለች። ጦርነቱ ሊመጣ ሲል አገር ጥሎ ከሚሄድ አንድ ግሪክ ላይ ሞተሯን ገዛ። በጎኗ ጋሪ የተገጠመላት፣ ያኔም አሮጊት የነበረች ሞተር ናት። ነድቶ ሳይጠግባት ጣሊያን ገባና፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ካዩ አይምሩም ብሎ ጓሮው ከሚገኘው እንሰት መሀል ከቷት ደረቅ ቅጠል ከመረባት። በኋላ ነገሩ ረገብ ሲል ለሱቁ ዕቃ ማመላለሻ ብሎ ከሹሞቹ ፈቃድ አወጣ። ፈቃዱ ቢገኝም ሞተሯ ከተኛችበት አልነሣም አለች።

“ጋሼ፣ ባስነሣት እናቴን አገና ላድርስባት?” አልኩት።

“እናትህ እህቴ አይደለችም እንዴ? አንተ አስነሣት ብቻ፤ ወላሂ ቤንዚኑንም እኔ እችላለሁ” አለኝ።

መነሣቱንስ ተነሣች። ካንዴላዋን ጠርጌ፣ ያደረውን ቤንዚን ቀይሬ፣ እግሬ እስኪዝል ከረገጥኳት በኋላ አስነጠሰች፣ ጭስ ተፋች፣ ጮኸች። ችግሩ ማርሽ ሳስገባ ነው የመጣው። ፍሪሲዮኑን ጨብጬ እያለሁ ወደፊት ዘላ የጋሼን አንድ ደህና እንሰት ገነደሰች። ጋሼ ከእንሰቱ ይልቅ ለሞተሯ ደነገጠ።

ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ ክብ የብረት ሳህኖች ናቸው። ሳህኖቹ ተጣብቀው ሲይዙ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማው ይሄዳል። እጀታውን ሲጨብጡት ደግሞ ይላቀቁና ሞተሩ ለብቻው ይዞራል። በዚያች ሞተር ሳህኖቹ ቀዳዳ ቀዳዳ አላቸው፣ በየቀዳዳው ቡሽ ተሰክቷል። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታልና አንቆ የሚይዘው ቡሹ ነው። ሞተሯ እርጥበት ውስጥ ከርማ ሳህኖቹ ዝገው ስለተጣበቁ እጀታው ቢጨበጥም አንላቀቅ ብለዋል። ሥራው መፍታት፣ ዝገቱን መፈቅፈቅ፣ ማድረቅና መልሶ መግጠም ነው።

ፈታኋቸው። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዱን ነገር ሲያይ ዋለ። ሳህኖቹን በአሸዋ ፈትጌ፣ ግቢያችን ውስጥ ሰፊ የእንሰት ቅጠል አንጥፌ፣ በቅደም ተከተላቸው ፀሐይ ላይ ደረደርኳቸው። ሳህኖቹን ተጭነው ከሚያጣብቁት ሞላዎች አንዱን ተሰብሮ ስላገኘሁት ምትክ ፍለጋ ካሚዮኖቹ ወደሚጠገኑበት ቦታ ሄድኩ፤ እዚያ የሚሠራ የአዲስ አበባ ጓደኛ ነበረኝ። እንዳልታፈስ ከአጥሩ ውጭ ተደብቄ እሱን ስጠብቅ ቀኑ አለቀ።

እዚህ ላይ ስለ መስቀልና ስለ ቅቤ ትንሽ መናገር አለብኝ፣ አለዚያ እናቴን ትታዘቧታላችሁ። የእኛ አገር ሴት ለመስቀል የሚሆነውን ቅቤ ዓመቱን ሙሉ ስታጠራቅም ነው የምትከርመው። በዓሉ ሲቃረብ ቤቷ ውስጥ ደረቅ ነገር እንዲቀር አትፈልግም። ፀጉር ይቀባል፣ የሚነጠፈው ቁርበት ይታሻል፣ ጠፍሩ ይለሰልሳል፣ አራስ ካለች አራሷ ትቀባለች፣ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው አናቱ ላይ ጣል ይደረግለታል። ቅቤ ያልነካው ነገር እንደተረሳ ይቆጠራል። እናቴም ከቤት ስትወጣ ሳህኖቹን አየቻቸው። ወደ እናቷ የሚያደርሷት እነሱ መሆናቸውን ነግሬያት ነበር። ቡሾቹን በጣቷ ነካ ስታደርጋቸው ደርቀው ሻክረዋል። አዘነችላቸው። ገባችና ለአያቴ ክትፎ ብላ ያስቀመጠችውን፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበትን ንጥር ቅቤ አወጣች። ከዚያም አንድም ሳትዘል እያንዳንዷን ቡሽ በሁለቱም ገጽ አሸቻት። ፀሐዩም አገዛት፤ ቡሹ ቅቤውን ጠጣው።

ከእሷ ቀጥሎ የመጣው ጋሼ ነው። ሳህኖቹ ወዝተው ሲያይ ባለሙያው ቀብቶ አዘጋጅቷቸዋል ብሎ ደመደመ። ስፈታ አይቶ ስለነበር መግጠሙ የሚያቅተው አልመሰለውም፤ እውነቱን ለመናገር አላቃተውም። ሞላውን ይዤ ስመለስ ሁሉም በቦታው ገብቶ የተሰበረው ሞላ ቦታ ብቻ ክፍት ሆኖ ጠበቀኝ። አመስግኜው ሞላውን አስገባሁ፣ ክዳኑን ዘጋሁ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ሙዳይዋን አቅፋ ጋሪው ውስጥ ተቀመጠች። በዓሉ ደጃፍ ላይ ደርሷል። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኛት ወጥቷል። አስነሣሁ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ እጀታውን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ሞተሯ ጮኸች። ጋዝ ስጨምር ይበልጥ ጮኸች። ጎማው ግን ንቅንቅ አላለም።

እናቴ ነጠላዋን አገጯ ሥር አጥብቃ “ሄድን?” አለችኝ።

“ገና ነን፣ እማዬ።”

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሽቦውን ነው። ከእጀታው ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደው ሽቦ ከመጠን በላይ ከተወጠረ፣ እጀታው ሳይጨበጥም ሳህኖቹን ያላቅቃቸዋል። እጀታው እስኪወዛወዝ ድረስ አላላሁት። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሞላዎቹን ጠረጠርኩ፤ አሮጌ ሞላ ይደክማልና ብሎኖቹን አጠበቅኳቸው። ትንሽ ነቅነቅ ብላ መልሳ ቆመች። ከዚያ እናቴን አስወርጄ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ማርሽ ውስጥ እንዳለች ከኋላዋ ገፋኋት። ፍሪሲዮኑ ቢይዝ ኖሮ ሞተሩ እምቢ ብሎ ጎማውን ያቆመው ነበር። እሷ ግን ያለምንም ክርክር ተንከባለለችልኝ። እንግዲያው ጥፋቱ ከሳህኖቹ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ነው። ለምን? በገዛ እጄ ፈትጌ ያደረቅኳቸው አይደሉም እንዴ?

ጋሼን በክፉ ዐይን አየሁት። “ቅደም ተከተሉን አዛብተኸዋል።”

“ወላሂ አላዛባሁም! እንዳየሁህ ነው የገጠምኩት።”

“እንዳየኸኝ ብትገጥም ትሄድ ነበር!”

“እንግዲህ ያየሁት አንተን ነው፤ ከተበላሸ ከአንተ ነው!”

እሱን መማታት ስለማልችል ንዴቴን በሞተሯ ላይ ተወጣሁት። እንደገና አስነሣኋትና እስክትንቀጠቀጥ ድረስ ጋዝ ሰጠኋት። ሳህኖቹ እየተፋተጉ ጋሉ። ይህን ጊዜ ከክዳኑ ሥር ስስ ጭስ ወጣና ሽታው ግቢውን ሞላው። የተቃጠለ ቡሽ ይሸታል ብዬ ስጠብቅ ኮረሪማ ሸተተኝ። ከኮረሪማው ኋላ ኮሰረት መጣ። አንድ ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አውጥቶ “ማን ቤት ነው በጠዋቱ ክትፎ የሚሠራው?” አለ።

ጋሼ አፍንጫውን ቀና አድርጎ አሸተተና “አንተ አይደለህም እንዴ የቀባኸው?” አለኝ።

“ምኑን?”

“ሳህኑን ነዋ!”

ሁለታችንም ወደ እናቴ ዞርን። ሙዳይዋን እንዳቀፈች ቀጥ ብላ ቆማለች። “እኔ ነኝ የቀባሁት” አለች። “ደህና አድርጌ ነው የቀባሁት፤ አንድም አልዘለልኩም።”

“እማዬ! የዚህ ነገር ሥራው እኮ መያዝ ነው። ደርቆ፣ ተጣብቆ መያዝ! በቅቤ ስታሺው እርስ በርሱ ይሸሻል።”

“ሥራው መያዝ ከሆነ ቀድመህ አትነግረኝም? እኔ የማውቀው ደረቅ ነገር እንደሚሰነጠቅ ነው።” ነገሩ ሲገባት ትከሻዋ ወደቀ። “እንግዲያው መንገዴን የዘጋሁት እኔው ነኛ” አለች።

ድምጿ እንዲያ ዝቅ ሲል ስሰማ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ለዓመታት ስትቆጣ፣ ስትከራከር፣ ስታሾፍ እንጂ እንዲያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ቶሎ ብዬ “ገና ቀን አለን” አልኳት፤ ቀን ግን ብዙም አልነበረንም።

ብረቱ ቀላል ነበር። እናቴ ነጭ ልብሷን አውልቃ የሥራ ልብሷን ለበሰችና ሳህኖቹን በፈላ ውኃና በአመድ እስኪነጡ አሸቻቸው። ቡሹ ግን አልመለስ አለ። ስንቀቅለው ቅቤ ይተፋል፣ ሲደርቅ መልሶ ይወዛል፤ ደጋግመን ስንቀቅለው ጭራሽ መፈርፈር ጀመረ። አዲስ ቡሽ የግድ ሆነ። ወልቂጤ ውስጥ ቡሽ የሚገኘው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የጣሊያን ካሚዮን ነጂዎች ቪኖ የሚሉትን፣ ጠርሙሱ በቡሽ የሚከደነውን ወይን ጠጅ የሚጠጡበት መሸታ ቤት። እኔ ወደዚያ አልሄድም። ጉልበት ያለው ጎልማሳ ሲገኝ ለመንገድ ሥራ ይታፈስ ስለነበር ወዲያው እታፈስና እናቴ ሞተሯንም ልጇንም ታጣለች። ከዚያ ቤት ሰዎች ጋር ትውውቅ ያለው ጨው የሚያቀርብላቸው ጋሼ ነው።

ጋሼ ደግሞ ጠላ የተጠመቀበት ቤት ከደጃፉ ሰላምታ ሰጥቶ የሚመለስ ሰው ነው።

“እኔ? ከዚያ ቤት? የአረቄ ክዳን ልለቅም?” አለ።

“ቪኖ ነው እንጂ አረቄ አይደለም” አልኩት።

“አስተግፊሩላህ! ይሄማ ምን ልዩነት አለው?”

“የሚፈለገው ክዳኑ ነው፤ ውስጡን ቀድመው ጨርሰውታል።”

ሊቆጣኝ አፉን ሲከፍት እናቴን አያት። አመዱ እጇ ላይ ደርቆ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። ኮፍያውን አስተካከለና አንድም ቃል ሳይጨምር ሄደ።

ሲመለስ ቡሹን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ፣ ቋጠሮውን ከሰውነቱ አርቆ ይዞት ነበር። ከጓሯቸው ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ባለቤቱ አይቶት ለምን እንደሆነ ጠይቆታል። “ለቅቤ ዕቃ ክዳን ነው አልኩት” አለን፤ “ግማሹ እውነት ነው፣ በቅቤ የመጣ ጣጣ ነው።” ከዚያ ቡሹን ደጋግሞ አጠበ፤ እጁን ደግሞ ከቡሹ ይበልጥ አጠበ። እናቴ የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ ብሎ “ወንድሜ፣ ሞተርህ ሰክራ ገደል እንዳትከተን” ስትለው፣ ከሁላችን ቀድሞ የሳቀው ጋሼ ነው።

ቡሹን በቢላ እየቆረጥኩ፣ በፈላ ውኃ እያለሰለስኩ በየቀዳዳው ጠቀጠቅኩት። እዚያው ተነፍቶ ቀዳዳውን አንቆ ያዘ። ቀጥሎ ማስተካከል ነው፤ አንዱ ቡሽ ከሌላው ከረዘመ ሳህኑ በሙሉ ፊቱ አይገጥምም። ከጋሼ ሱቅ ደጃፍ ለጥ ያለ ድንጋይ ነበር። ሳህኑን እሱ ላይ እያዞርኩ ስፈትግ እናቴ በመዳፏ እየዳሰሰች “እዚህ ጋ ትንሽ ይቀረዋል፤ እዚህስ በቃው” ትለኛለች። ጋሼ ድንጋዩን ይጠርግልናል። ገበያተኛ ሲመጣበት “ዛሬ ጨው የለም፣ ሥራ ላይ ነን” ብሎ ይመልሳል፤ ጨው ግን ከኋላው ተከምሯል።

ክፉ ዘመን ነበር። ሰው ይሰቀላል፣ መንደር ይቃጠላል፣ ወጥቶ የቀረው አይቆጠርም። እኛ ግን በዚያ ድንጋይ ዙሪያ ተቀምጠን የጣሊያንን ቡሽ እየፈተግን እንስቅ ነበር። ያን ቀን እወደዋለሁ። እናቴም ጋሼም ዛሬ የሉም፤ ሁለቱም ይናፍቁኛል። ከዚያ በኋላ ብዙ ፍሪሲዮን ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ ጋራዥም ከፍቼ ሰው ቀጥሬ አሠርቻለሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ሥራ ግን አልሠራሁም።

ዳግመኛ ስንነሣ የሚሸኘን ሰው አልጠራንም። እጀታውን ስለቅ ሞተሯ ቀስ ብላ ያዘች። ፍሪሲዮን ሲይዝ መቀመጫው ሥር ይሰማል። ጋሼ “ቢስሚላህ!” እያለ ጥቂት ከጎናችን ሮጠና ቀረ። ፈቃዱ የዕቃ ማመላለሻ እንጂ የሰው ማጓጓዣ ስላልሆነ እናቴ ጭኗ ላይ ጨው ይዛለች፤ ኬላው ጋ ቢጠይቁ እሷ የሱቁ ሻጭ ናት፣ እኔ የሱቁ ነጂ ነኝ። ኬላው ላይ የነበረው ወታደር ወረቀቱን ገልብጦ አየ፣ እናቴን አየ፣ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ አሸተተና በእጁ እለፉ አለን።

እናቴ መጀመሪያ ጸለየች፣ ፍርሃቱ ሲለቃት የመስቀል ዘፈን አንጎራጎረች። ጭቃው ገና አልደረቀም። ትልቁ ዳገት ሥር ስደርስ ጋዝ ሰጠኋት፤ ቡሹ አልሸሸም። ከዳገቱ በላይ ያሉትን መንደሮች የምናልፈው በጀፎረው ላይ ነው። ጀፎረ በቤቶች ረድፍ መሀል የሚዘልቀው ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ሰርጉም ልቅሶውም በዓሉም የሚሆነው እዚያ ላይ ነው።

“ሰው ሁሉ የት ገባ?” አለች እናቴ። “ለመስቀል ጀፎረው ባዶ ይሆናል እንዴ?”

“ለደመራው እንጨት ሊያመጡ ሄደው ይሆናላ” አልኳት። ሐሳቤ ሁሉ ከሳህኖቹ ጋር ስለነበር ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

አያቴ ቤት ደጃፍ ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋው ጸጥታው ከበደኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ምድጃው ውስጥ እሳት ይነዳል፤ በላዩ የተጣደ ቆጮ ማረር ጀምሯል። ከላሞቹ በቀር የሚተነፍስ የለም። የአያቴን መኝታ ዳሰስኩት፤ ገና ይሞቃል።

ያኔ ገባኝ። በዚያ አገር የሞተር ድምፅ ማለት ጣሊያን ማለት ነው። ከእነሱ በቀር ሞተር ያለው ማን አለ? ድምፃችን ገና ከሩቅ ሲሰማ ሰው ሁሉ ልጁንና ሽማግሌውን እየያዘ እንሰት ውስጥ ገብቷል። እናቴን ለማድረስ በሠራኋት ሞተር እናቷን ከቤቷ አስወጥቻታለሁ።

እናቴ ከጋሪው ወርዳ ጓሮው ጫፍ ቆመችና በአገሯ ቋንቋ ተጣራች። የሚመልስ የለም። ጣሊያን በአስተርጓሚ እያስጠራ ሰውን ከተደበቀበት እንደሚያወጣ ሁሉም ያውቃል፤ በቋንቋው ቢጠሩት ማንም አይወጣም። የወንድሟን ስም ጠራች፣ የሚስቱን ስም ጠራች። ቅጠል አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ስም መጥራቱን ተወችና “አዶት!” አለች። አዶት በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። “አዶት! አዶት!”

ከእንሰቱ ውስጥ የታፈነ ድምፅና ግብግብ ተሰማ። ከዚያ አንድ የደከመ የአሮጊት ድምፅ “ልቀቀኝ፣ ልጄ ናት!” ሲል ጮኸ። እናቴ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ሮጠች።

ስደርስባቸው አያቴ እንሰት ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። አጎቴ አፏን ይዞበት የነበረውን እጁን ገና እየሰበሰበ ነው። እናቴ ፊቷ ተንበረከከች። አያቴ የልጇን ግንባር፣ ጉንጭ፣ አገጭ በሁለት እጆቿ ዳሰሰች። ከዚያ እጆቿ ወደ ታች ወርደው የእናቴን እጆች ፈለጉና አንጓዎቿን ዙሪያቸውን እየዞሩ ይዳብሱ ጀመር። ምን እየፈለገች እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም። ገመድ ነው የምትፈልገው።

“ልጄ፣ ይዘውሽ ነው የመጡት?” አለቻት።

“አይደለም፣ አዶት። ማንም አልያዘኝም፤ ልጄ ነው ያመጣኝ” አለች እናቴ።

አያቴ ይህን ከሰማች በኋላም የእናቴን አንጓ መዳበሱን ቶሎ አልተወችም።